ለአንጁሎ ዓይን የሚሆን ስክሪን

ቴሌቪዥን ሊገዛ ወደ ሱቄ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ «ስንት ኢንች አለህ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ወንበርህ ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃል?» እለዋለሁ። አብዛኛው ሰው ለክቶ አያውቅም፤ ይስቅብኛል። በተለይ ጌም ቤት የሚከፍቱ ሰዎች ትልቅ ስክሪን ደንበኛ ይጠራል ብለው ስለሚያስቡ፣ ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሃምሳ አምስት ኢንች ሰቅለው ተጫዋቹን አፍንጫው ሥር ያስቀምጡታል። ፊልም ለማየት ችግር የለውም። የኳስ ጌም ለሚጫወት ግን ሌላ ነው። ተጫዋቹ ሜዳውን፣ ከታች ያለችውን ትንሽ ካርታና ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አንገቱን ሳያዞር በአንድ ጊዜ ማየት አለበት። ስክሪኑ ከበዛበት ግማሹን እያየ ግማሹን ይገምታል።

ይህንን ሙያ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በአንጁሎ ነው።

አንጁሎ ጂንካ የገባው በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ከሳውላ በኩል በመጣ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ነው። ጭነት ሲታሰር ከላይ፣ ጎማ ሲፈታ ከሥር የሚገኘው እሱ ነበር። ሾፌሩ ምሳ ሲገባ በቆመው መኪና ላይ መሪውን ይዞ ማርሽ ይለማመዳል። በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ሚኒባስ ያዘ፤ የጂንካና የገዘር መስመር የእሱ ሆነ። ዳገቱን፣ ጭቃውን፣ ጉም የሚተኛበትን ኩርባ ሁሉ በእጁ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ዝናቡ አይሎ ሌላው ሾፌር ሲያመነታ «አንጁሎ ወጥቷል?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ወጥቷል ከተባለ መንገዱ ያስኬዳል ማለት ነው።

ሚስቱን ውባንቺንም ያገኛት በዚሁ መስመር ላይ ነው። የገዘር ልጅ ናት። አንድ ቀን ድንች ይዛ ወደ ጂንካ ስትወርድ፣ ጆንያዋ ከላይ ከታሰረ በኋላ ራሷ ጣሪያው ላይ ወጥታ ገመዱን ትፈታ ጀመር።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አላት።

«ላልቷል። ኩርባው ላይ ድንቼ ገደል ይገባል።»

«እኔ ያሰርኩት ይላላል?»

«ና ውጣና እየው።»

ወጥቶ አየው፤ ላልቷል። «ያን ቀን ነው ያለቀልኝ» ይላል አንጁሎ ይህን ሲያወራ። እሷ ደግሞ ቀበል አድርጋ «እስከ ዛሬም የማጠብቅለት እኔ ነኝ» ትላለች።

መናኸሪያው አጠገብ የመጀመሪያው ጌም ቤት ሲከፈት ሾፌሮቹ ተራ እስኪደርሳቸው እዚያ መዋል ጀመሩ። አንጁሎ ያኔ ጎልማሳ ነበር፤ ከበር ሆኖ እየሳቀ ያይ ነበር እንጂ አይገባም። ጎትቶ ያስቀመጠው ጓደኛው አብዱሰላም ነው፤ የቀይ አፈር ከተማ መስመር ሾፌር።

«ይቺ የልጅ ጨዋታ ናት» አለ አንጁሎ።

«እስቲ ልጅ ሁን» አለው አብዱሰላም፣ ጆይስቲኩን እጁ ላይ ጣል አድርጎለት።

ልጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማን ሊያስቆመው! አብዱሰላም ሲጫወት ሁሉን ወደፊት ይለቃል፤ እንደ ዱብ ዕዳ ነው የሚመጣው። አንጁሎ ግን ቁልቁለት እንደሚወርድ ሾፌር ነው፤ ማርሽ እየቀነሰ፣ ኳሷን እያዘገየ፣ ተቃራኒው ሰልችቶት ሲከፍት ጠብቆ ይገባል። በጌም ቤት ያለው ደንብ አንድ ነው፦ ተሸናፊ ይነሳል። ሾፌር ነህ ረዳት፣ ሽማግሌ ነህ ጎረምሳ፣ ጆይስቲኩን አስረክበህ ከኋላ ትቆማለህ፤ ተራህን ትጠብቃለህ። ሁለቱ ለብዙ ዓመት እየተነሱና እየተቀመጡ ኖሩ።

የዓይኑን ነገር ቀድማ ያወቀችው ውባንቺ ናት። ፊት ለፊቱ ያለውን መርፌ ያያል፤ ጎኑ ያስቀመጠችለትን ውሃ ግን በክርኑ ይደፋዋል። የበሩ መቃን ትከሻውን ይመታዋል። ስትጠይቀው «ተቻኩዬ ነው» ይላታል። አንድ የገበያ ቀን ከገዘር ሰው ሞልቶ ሲወርድ፣ ከመንገዱ ዳር በሬ ተነስቶ ገባበት። እሱ አላየውም። ከጎኑ የተቀመጠች ሴት ጮኸች፤ ፍሬኑን ረገጠ፤ በሬው ለጥቂት አለፈ። ማንም አልተጎዳም። አንጁሎ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለና ወረደ። ተሳፋሪዎቹን ከኋላ በመጣ መኪና አሳፈራቸው። የእሱን ሚኒባስ ወደ ጂንካ ያወረደው ሌላ ሰው ነው።

አርባ ምንጭ ላይ ያየው ሐኪም ግላኮማ ነው አለው። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት የእይታ ነርቩን ከዳር ጀምሮ ይጎዳዋል፤ የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታውን ሳያቋርጥ ካደረገ ግን የቀረው ሊቆይለት ይችላል። አንጁሎ ሁሉንም ሰምቶ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«መሪስ?»

«መሪ በቃህ» አለው ሐኪሙ።

ከሚኒባሱ የነበረውን ድርሻ ሸጠና መናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የራሱን ጌም ቤት ከፈተ። ሠላሳ ሁለት ኢንች ስክሪን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከአግዳሚው ኋላ ሰው የሚቆምባት ጠባብ ቦታ፣ ከዚያ በሩና በረንዳው። በረንዳው ላይ ውባንቺ ሻይና ቦንቦሊኖ ትሸጣለች። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ እሷ ይወጣል፤ ሲመጣ ብርጭቆውን እንደያዘ ይገባል። የሾፌር ወሬ፣ የሾፌር ስድብ፣ የሾፌር ሳቅ እዚያ ሞላ። አንጁሎ መንዳት ቀረበት እንጂ ከሾፌሮቹ መሀል አልወጣም። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጆይስቲክ እስከያዘ ድረስ እኩላቸው ነው፤ ይሳደባል፣ ይሰደባል፣ ያሸንፋል፣ ተሸንፎ ይነሳል። የሚፈራው ይህ እንዳይቀርበት ነበር። ከመሪው በኋላ የቀረው ይኸው ነበርና።

ግን ዓይኑ መጥበቡን አልተወም። በክንፍ የሚመጣ አጥቂ ይሰወርበት ጀመር። አብዱሰላም ይህንን ሲያይ ዝም ማለት አልቻለም፤ የመናኸሪያውን ሾፌሮች ሰበሰበ። እነሱ ዓይን ሲደክም የሚያውቁት የአባቶቻቸውን ነው። ሽማግሌ ፊደሉ ሲያንስበት ያማርራል፤ ትልቅ ሲሆንለት ያነባል። ስለዚህ ለደከመ ዓይን መድኃኒቱ ትልቅ ነገር ነው። አዋጥተው ገዙ። ስክሪኑ ከአርባ ምንጭ እንደ ሙሽራ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ፤ ሃምሳ አምስት ኢንች። እንድሰቅለው ተጠራሁ።

«አብዱሰላም፣ ለዚህ ክፍል ይበዛል» አልኩት።

«ለክፍሉ አይደለም የገዛነው፤ ለዓይኑ ነው። ስቀል አንተ!»

ሰቀልኩ። ግድግዳው ጠፋ። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። አንጁሎ ተጠግቶ የስክሪኑን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር በመዳፉ ዳሰሰው። «ጌታ ይባርካችሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ። ኳሷ ዱባ አክላ ትታየዋለች፤ ማን አጠገቧ እንዳለ ግን አያይም። አንገቱን እንደ ቬንትሌተር ከወዲህ ወዲያ ያዞራል። ወደ ግራ ሲያይ ከቀኝ ይገባበታል። ሰው በሌለበት ፓስ ይሰጣል። ይህንን ለሾፌሮቹ እንዴት ብሎ ይንገራቸው? ከአርባ ምንጭ ድረስ አምጥተው ያበረከቱለትን? ዝም አለ። እነሱም አይተዋል፤ እነሱም ዝም አሉ፤ ዝም ብለው ይሸነፉለት ጀመር።

ወጣቱ ሾፌር ሻንቆ በረኛውን አልፎ ኳሷን ወደ ውጭ ይመታል። «አይ ጋሼ፣ ዛሬም በሉኝ!» ብሎ ይነሳል። ቀጣዩም ተቀምጦ ይነሳል። ሁሉን የሚያስነሳው ደንብ አንጁሎን ማስነሳት አቆመ። ከጠዋት እስከ ማታ አግዳሚው ላይ ነው። ፊቱ ግን እንደሚያሸንፍ ሰው ፊት አልነበረም።

አንድ ቀን ከአብዱሰላም ጋር እየተጫወቱ አብዱሰላም ባዶ ጎል አገኘና ኳሷን ወደ ሰማይ ሰቀላት። አንጁሎ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አሳረፈው።

«አብዱሰላም።»

«አቤት።»

«በረኛዬ የት ነበር?»

«ወጥቶ ነበር። አመለጠኝ እንጂ...»

«አንተ ባዶ ጎል ስተህ አታውቅም። ተኝተህ እንኳን አትስትም።»

«ወላሂ አንጁሎ፣ እጄ አዳልጦኝ...»

«በወላሂ አትዋሽ። መንገድ ለማየት ለተቸገረ ሰው ገለል እንደሚባለው ነው ገለል ያልክልኝ።»

አንጁሎ ሳይሸነፍ ተነሳ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ማሽኑን ከፋችና ዘጊ ነኝ። እናንተ ተጫወቱ» ብሎ በረንዳው ላይ ሄዶ ቆመ። አብዱሰላም ጥቂት ቁጭ ብሎ፣ የተጀመረውን ጨዋታ ሳይጨርስ፣ አንጁሎ ከቆመበት በሌላው ጎን አልፎ ወጣ። ቀናት አለፉ፤ አልተመለሰም።

አንጁሎም የተናገረውን ጠበቀ። ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ይውላል። ውባንቺ ሻይ እየቀዳች ታየዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣች።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው ሲቀርብ የማያየውን ሲርቅ ያያል?»

«እንዴት?»

«ይሄ ሰውዬ ከእኔ ጎን ቆሞ፣ በበሩ አሻግሮ፣ ሻንቆን "ግራህ ባዶ ነው! ግራህን ዝጋ!" ይለዋል። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም ባዶ ነው። አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ግን አጠገቡ ያለውን አያይም። እዚያ ምን አለ፣ እዚህ ምን አለ?»

ሱቄን ዘግቼ ሜትሬን ይዤ አብሬያት ሄድኩ። አንጁሎን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት፤ ጨዋታውን አቆምኩት።

«የሜዳውን መሀል ብቻ እይ። ዓይንህን አታንቀሳቅስ። ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ይታይሃል?»

«የለም።»

«ከታች ያለችው ካርታስ?»

«የለችም።»

በሩ ላይ አቆምኩት። ያንኑ ጠየቅሁት። «ካርታዋ ብልጭ አለች» አለ። በረንዳው ጫፍ ላይ ወሰድኩት።

«ሰዓቱም መጣ» አለ። «ሁሉም መጣ።» ፈገግ አለ።

አስረዳሁት። የቀረው መሀሉ ነው፤ በጠባብ መስኮት እንደማየት ነው። ትልቅ ነገር ሲቀርብ ከመስኮቱ ውጭ ይተርፋል፤ ሲርቅ ያንስና በመስኮቱ ይገባል። አግዳሚውን ወደ በረንዳ ማውጣት አይቻልም፤ ፀሐይ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ከፊት የሚቆም ሰው አለ። ወንበሩ ካልራቀ ደግሞ ማነስ ያለበት ስክሪኑ ነው። ከሱቄ ሃያ አራት ኢንች የኮምፒውተር ስክሪን አምጥቼ ከትልቁ ሥር ሣጥን ላይ አቆምኩና ገመዱን አዛወርኩት። አንጁሎ ተቀመጠ። ኳሷን ወደ ቀኝ አወጣት፣ ወደ ግራ መለሳት። አንገቱ አልተንቀሳቀሰም።

«አንሳው» አለኝ ድንገት።

«ምነው? አላየህም?»

«አይቻለሁ። አንሳው። ሰዎች ለእኔ ብለው ያን ያህል መንገድ ያመጡትን ትቼ ይቺን ስመለከት ይዩኝ? ስጦታን ፊታቸው ላይ መወርወር ነው።»

ውባንቺ ከበሩ ሆና ስትሰማ ነበር። «እሺ፤ በውሸት እያሸነፍክ ብትቀመጥ ይሻላል?» አለችው። «ያን ጊዜ ገመድህ ላልቷል ስልህ ሞትክ? አልሞትክም። እነሱም አይሞቱም። ንገራቸው።»

እሑድ ከሰዓት መኪና ሲቀንስ ሾፌሮቹን ጠራ። ሻንቆ አብዱሰላምን ለምኖ አመጣው። አብዱሰላም በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። አንጁሎ ሳያስረዝም ነገራቸው፤ ትልቁ ስክሪን ላይ አያይም፤ ትንሹ ላይ ያያል።

የአብዱሰላም ፊት ጠቆረ። «በትልቁ የማያይ በትንሹ የሚያይ ዓይን የት ነው ያለው? ጠላሁት በል፤ ቀላል ነው።»

እኔ ገብቼ ስለ ኢንችና ስለ ርቀት ማውራት ጀመርኩ። ማንም አልሰማኝም። አንጁሎ ግን አብዱሰላምን ክንዱን ይዞ ወደ ውጭ፣ ወደ ቆመው የአብዱሰላም ሚኒባስ ወሰደው። ሌሎቹ ተከተሉ። በጎን መስታወቱ ጥግ ላይ የተለጠፈችውን ክብ ትንሽ መስታወት በጣቱ ነካት።

«ይቺን ማን ለጠፋት?»

«እኔ ነኛ።»

«በዚች ስታይ መኪናው ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ትንሽ ነው። ታሳንሳለች።»

«ታዲያ ትልቁ መስታወት እያለልህ ምን ያደርግልሃል?»

«ትልቁ የማያሳየኝን ጎኔን ታሳየኛለች። ሁሉን አሳንሳ ታስገባዋለች...» አለና አብዱሰላም አቋረጠ። ትንሿን መስታወት ትክ ብሎ አያት።

ማንንም ሳያናግር ወደ ውስጥ ገባ። አግዳሚው ላይ፣ አንጁሎ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ። አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ላይ ቡጢውን እንደ ቱቦ አድርጎ ትልቁን ስክሪን አየ። ቡጢውን ወደ ግራ ወሰደ፤ ወደ ቀኝ ወሰደ። ከዚያ ትንሹን አየ። ከዚያ ቡጢውን ከዓይኑ ሳያነሳ ዞሮ ክፍሉን፣ በሩን፣ እኛን ተመለከተ።

«ያ አላህ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በዚህ ነው የምትውለው?»

«በዚሁ ነው» አለው አንጁሎ።

አብዱሰላም ተነሳ። ከጎን ቢነካው እንደሚደነግጥ ገብቶታል መሰለኝ፣ ዞሮ ፊት ለፊቱ መጥቶ ነው ትከሻውን የያዘው። «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለው። አንጁሎ «ለየትኛው? ለስክሪኑ ነው ለባዶ ጎሉ?» ብሎ ጠየቀው። ሁሉም ሳቀ።

«ለጎሉ። ስክሪኑማ ቆንጆ ነው!»

ተቀመጡ። ግን ሌላ ችግር መጣ። አብዱሰላም ትንሹን ስክሪን እያየ መጫወት አልቻለም። «ኳሷ ጤፍ ሆነችብኝ! ይሄ ጌም ነው እህል ለቀማ?» እያለ አንገቱን ያሰግጋል። ይህ የእኔ ሥራ ነው። አንዱን የምስል ገመድ ለሁለት የሚከፍል ትንሽ ሣጥን ሱቄ ነበረ፤ ሮጬ አመጣሁት። አንድ ጨዋታ፣ ሁለት ስክሪን፤ አንጁሎ ከታች፣ አብዱሰላም ከላይ። ትልቁ ስክሪን ምስል አሳምራለሁ ሲል ትንሽ ስለሚዘገይ፣ አብዱሰላም «እኔ ከመታሁ በኋላ ነው የሚመታው» ብሎ አማረረ። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ የጌሙን አማራጭ አበራሁት። መዘግየቱ ቆመ። ትልቅ ስክሪን ያላችሁ ሁሉ ይህንን አብሩ።

ጨዋታው ተጀመረ። አንጁሎ እንደ ድሮው ቀስ እያለ ነው። አብዱሰላም መጣበት፤ ጠበቀው፤ ነጠቀው። በቀኝ ከፈተ፤ አገባ። ቤቱ ተናወጠ። አብዱሰላም አቻ አደረገ። ስድቡ ሲመለስ ሰማሁ፤ «አሮጌ ጎማ!» «አንተ ፍሬን የለሽ!» ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አብዱሰላም በክንፍ በኩል ኳሷን ይዞ ሮጠ። የአንጁሎ ተከላካይ ወደዚያው ዞረ፤ አየው ማለት ነው፤ ግን አልደረሰበትም። አብዱሰላም በረኛውን አለፈው። ባዶ ጎል።

እጁ ቆም አለ። ሁላችንም አየነው።

«ብትስት ሁለተኛ ቤቴ እንዳትገባ!» አለ አንጁሎ ዓይኑን ከትንሿ ስክሪን ሳይነቅል።

አብዱሰላም መታት። ገባች።

አንጁሎ ተነሳ። ጆይስቲኩን ለሻንቆ አቀበለና ከኋላ ከቆሙት መሀል ገባ። ዝም ግን አላለም።

«ስትመጣ አይቼህ ነበር!»

«አይተህ ምን አደረግህ?» አለው አብዱሰላም ሳይዞር።

«ተከላካዬ ነው የዘገየው፤ እኔ አይቻለሁ! በቀኝ ነው የመጣኸው!»

«ሂድ ሞኝህን ፈልግ!»

«ውባንቺ! አይቼው ነበር እኮ! ገና ሲነሳ ነው ያየሁት!»

ውባንቺ በረንዳው ላይ ሻይ እየቀዳች ነበር። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች እንጂ ወደ እኛ አልዞረችም። «ሰምተናል» አለችው። «አሁን ተራህን ጠብቅ።»